የፎቅ ወለል ሲረግብ፦ መንስኤዎቹ፣ የጥገና አሠራሩና መወሰድ ያለበት ጥንቃቄ

በአንድ ቤት የላይኛው ፎቅ ላይ በሩ አልዘጋ ማለት ሲጀምር፣ ቁም ሣጥኑ ወደ ክፍሉ መሃል ሲያዘነብል ወይም ወለሉ ላይ የወደቀ ብርቱካን ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲንከባለል ነዋሪው ብዙውን ጊዜ ነገሩን ለምዶት ያልፈዋል። የበሩ ጠርዝ ይላጋል፤ ከቁም ሣጥኑ እግር ሥር የታጠፈ ካርቶን ይገባል፤ ወለሉም በምንጣፍ ይሸፈናል። ሆኖም እነዚህ ምልክቶች ወለሉን የተሸከመው አካል ከተሠራበት መስመር ወርዶ መርገቡን የሚያመለክቱ ናቸው። የረገበ ወለል ለብዙ ዓመታት ሳይባባስ ሊቆይ ይችላል፤ በአንጻሩ ከሥሩ ለሚያድሩ ሰዎች ሕይወት አስጊ ወደ ሆነ ደረጃ በአጭር ጊዜ ሊሸጋገርም ይችላል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የሚቻለው ወለሉ ለምን እንደረገበ ሲታወቅ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቤት ባለቤቶች፣ ተከራዮችና በጥገና ሥራ የተሰማሩ ባለሙያዎች የወለል መርገብን መንስኤ እንዲለዩ፣ ትክክለኛውን የጥገና ቅደም ተከተል እንዲከተሉና በተለምዶ የሚፈጸሙ አደገኛ ስሕተቶችን እንዲያስወግዱ ማገዝ ነው።

ምን ያህል መውረድ የተለመደ ነው?

ማንኛውም ወለል፣ ከእንጨትም ሆነ ከአርማታ የተሠራ፣ ጭነት ሲያርፍበት በመጠኑ ወደ ታች ይጎብጣል። ይህ በራሱ ጉድለት አይደለም። እንጨትም ሆነ ኮንክሪት ለረጅም ጊዜ ጭነት ሲሸከም ቀስ በቀስ ተጨማሪ መጉበጥ ያሳያል፤ በአርማታ ወለል ላይ ከዓመታት በኋላ የሚለካው ጠቅላላ መውረድ ካሳፎርማው በተነሣበት ወቅት ከታየው ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በዚህም ምክንያት የሕንፃ ዲዛይን ደረጃዎች ለመውረዱ ገደብ ያስቀምጣሉ። ኢትዮጵያ የምትጠቀምባቸውና ከአውሮፓ ደረጃዎች ጋር የተጣጣሙት የዲዛይን ደረጃዎች ለአርማታ ወለል የሚሰጡት የተለመደ ገደብ በሁለት ተሸካሚዎች መካከል ያለው ርቀት ለ250 ሲካፈል የሚገኘው መጠን ነው። በዚህ መሠረት በ4 ሜትር ርቀት ላይ የተዘረጋ ወለል መሃሉ ላይ እስከ 16 ሚሊ ሜትር፣ በ5 ሜትር ላይ የተዘረጋ ደግሞ እስከ 20 ሚሊ ሜትር ቢወርድ በገደቡ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ነዋሪው ይህን መጠን ያለ ልዩ መሣሪያ ሊለካ ይችላል። እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ቁራጭ እንጨቶች በክፍሉ ግራና ቀኝ ከግድግዳው ሥር ይቀመጣሉ፤ በላያቸው ላይ ሲባጎ በደንብ ተወጥሮ ይታሰራል፤ መሃል ላይ ከሲባጎው እስከ ወለሉ ያለው ርቀት ይለካና የቁራጩ እንጨት ቁመት ይቀነስለታል። የቀረው የመርገቡ መጠን ነው። ልኬቱ ከነቀኑ በጽሑፍ ተይዞ ከክረምት በፊትና በኋላ ሊደገም ይገባል። ሃያ ሚሊ ሜትር ረግቦ ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰ ወለል በሦስት ወር ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር ከጨመረ ወለል ያነሰ አሳሳቢ ነው።

የመርገብ መጠንን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ርዝመትና ቁመት ናቸው። ጭነቱ በእኩል የተሰራጨ ከሆነ፣ በተሸካሚዎች መካከል ያለው ርቀት ከ3 ወደ 4 ሜትር ሲጨምር የአንድ አግዳሚ እንጨት መጉበጥ ከሦስት እጥፍ በላይ ያድጋል። ርቀቱ በእጥፍ ሲያድግ ደግሞ መጉበጡ 16 ጊዜ ይበልጣል። በአንጻሩ 15 ሴንቲ ሜትር ቁመት የነበረው አግዳሚ በ20 ሴንቲ ሜትር ቢተካ መጉበጡ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት አብዛኞቹ መንስኤዎችም ሆኑ የጥገና ዘዴዎች ከዚህ ቀላል እውነታ የሚነሡ ናቸው።

በቀደምት የእንጨት ወለሎች ላይ የሚታዩ መንስኤዎች

በአዲስ አበባ፣ በተለይም በአራዳና በዙሪያው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የተሠሩ ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች እስካሁን በአገልግሎት ላይ ይገኛሉ። ብዙዎቹ ምድር ቤታቸው በጭቃ ከተያያዘ ድንጋይ፣ ፎቃቸው ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ሲሆን፣ የፎቁ ወለል ጫፋቸው ግድግዳ ውስጥ በገቡ አግዳሚ እንጨቶች ላይ የተነጠፈ ጣውላ ነው። እነዚህ ቤቶች ከመቶ ዓመት በላይ መቆማቸው የአሠራራቸውን ጥንካሬ ይመሰክራል። ወለላቸው የሚረግበው በአብዛኛው በዕድሜ ብቻ ሳይሆን በሚከተሉት ምክንያቶች ነው።

የመጀመሪያው እርጥበትና ምስጥ ነው። እንጨት የሚበሰብሰው እርጥበቱ ከ20 በመቶ ገደማ በላይ ሆኖ ሲቆይ ነው። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው የአግዳሚው ጫፍ አየር ስለማያገኝ በመጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው። የተቀደደ አሸንዳ፣ የሚያፈስ ቆርቆሮ ወይም በኋላ የተጨመረ መታጠቢያ ቤት ውሃውን ወደ ግድግዳው ሲያሳልፍ፣ ከውጭ ጤነኛ የሚመስል እንጨት በውስጡ ዱቄት ሊሆን ይችላል። የሐበሻ ጽድ ልበ እንጨት ብስባሴንና ምስጥን በመቋቋም የታወቀ ሲሆን፣ መከላከያ መድኃኒት ያልተቀባ የባሕር ዛፍ አጣና ግን ለሁለቱም በቀላሉ ይጋለጣል። በመሆኑም በአንድ ወለል ላይ ቀደምቶቹ የጽድ አግዳሚዎች ደኅና ሆነው፣ በኋላ በጥገና የገቡት የባሕር ዛፍ እንጨቶች ተበልተው ሊገኙ ይችላሉ።

ሁለተኛው የቤቱ አገልግሎት መለወጥ ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ በኋላ፣ ለአንድ ቤተሰብ የተሠሩ ብዙ ትልልቅ ቤቶች ለበርካታ አባወራዎች ተከፋፍለዋል። በየክፍሉ መሃል ተጨማሪ መከፋፈያ ግድግዳ ተሠርቷል፤ ፎቅ ላይ ማብሰያና የውሃ ማጠራቀሚያ ገብቷል፤ የአንድ ቤተሰብ ዕቃ ይቀመጥበት የነበረው ወለል የሦስትና የአራት ቤተሰብ ንብረት ተሸክሟል። አግዳሚዎቹ ግን ያው ለመጀመሪያው አገልግሎት የተመረጡት ናቸው።

ሦስተኛውና በቅርብ ዓመታት የተስፋፋው መንስኤ በምድር ቤቱ ላይ የሚደረግ ለውጥ ነው። ምድር ቤቱን ወደ ሱቅ ወይም ወደ ምግብ ቤት ለመለወጥ ሲባል መሃል ያለ ግድግዳ ይፈርሳል፤ ወይም “ቦታ ያጣብባል” ተብሎ ምሰሶ ይነሣል። ያ ግድግዳ የፎቁን አግዳሚዎች ከመሃል ይዞ የነበረ ከሆነ የተሸካሚዎቹ ርቀት በእጥፍ ያድጋል። ወለሉ በዚያው ዕለት ላይወድቅ ይችላል፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መርገቡን ይቀጥላል።

አራተኛው የተሸካሚ እንጨት መቆረጥ ነው። የውሃ ቧንቧ ወይም የኤሌክትሪክ መስመር ለማሳለፍ የአግዳሚውን የታችኛ ጠርዝ መሃል ላይ መብሳት ወይም መቦርቦር፣ እንጨቱ ከፍተኛውን የመወጠር ኃይል በሚሸከምበት ቦታ ላይ ማዳከም ነው።

በአርማታ ወለሎች ላይ የሚታዩ መንስኤዎች

በአሁኑ ጊዜ በከተሞች የሚሠሩ ባለ ፎቅ መኖሪያ ቤቶች ወለል በአብዛኛው አርማታ ነው፤ በግንባታ ሠራተኞች አጠራር ሶሌታ። ሙሉ በሙሉ በኮንክሪት የሚሞላ ወይም በቅድሚያ በተሠሩ አነስተኛ ቢሞች መካከል ባዶ ብሎኬት ተደርድሮ ከላይ ቀጭን ኮንክሪት የሚፈስበት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ዓይነት ለጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በስፋት ጥቅም ላይ ውሏል።

የአርማታ ወለል ከሚረግብባቸው ምክንያቶች ቀዳሚው የግንባታ ጥድፊያ ነው። የኮንክሪት ጥንካሬ የሚመዘነው በ28ኛው ቀን ሲሆን፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት ውሃ እየጠጣ መቆየት አለበት። ካሳፎርማውንና ፑንቴሎውን ለሌላ ሥራ ለማዋስ ወይም ኪራይ ለመቆጠብ ሲባል ከጊዜው በፊት ማንሣት፣ ገና ያልጠነከረውን ኮንክሪት ሙሉ ክብደቱን እንዲሸከም ያስገድደዋል። ያን ጊዜ የተፈጠረው ጉብጠትና ጥቃቅን ስንጥቅ ኮንክሪቱ በኋላ ቢጠነክርም አይመለስም።

ሁለተኛው የፌሮ አቀማመጥ ነው። በሁለት ተሸካሚዎች መካከል ለተዘረጋ ወለል ዋናው ፌሮ ከታች በኩል፣ ከግድግዳ ወደ ውጭ ለወጣ በረንዳ ግን ከላይ በኩል መሆን አለበት። ኮንክሪት በሚፈስበት ሰዓት ሠራተኞች በበረንዳው የላይኛ ፌሮ ላይ እየተመላለሱ ሲረግጡት ፌሮው ወደ ታች ይሰምጣል። በ12 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር መስመጥ የበረንዳውን የመሸከም አቅም በከፍተኛ ደረጃ ይቀንሳል። የረገበ በረንዳ ከሌላው የቤት ክፍል ሁሉ ይልቅ በጥብቅ መታየት ያለበት ለዚህ ነው፤ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ከተሰበረ የሚይዘው ሌላ ነገር የለም።

ሦስተኛው በዲዛይኑ ያልታሰበ ጭነት ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል ለሰውና ለዕቃ የሚታሰብለት ጭነት በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ የውሃ ታንከር ሲሞላ ውሃው ብቻ 10 ኩንታል ይመዝናል፤ ያም ክብደት ከአንድ ካሬ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ስፍራ ላይ ያርፋል። ከወለል እስከ ጣሪያ በብሎኬት ተሠርቶ በሁለት በኩል የተለሰነ መከፋፈያ ግድግዳም በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ከ5 ኩንታል በላይ ክብደት ይጨምራል። ሁለቱም ከሥራቸው ቢም መኖሩ ሳይረጋገጥ በወለል መሃል ሊቀመጡ አይገባም።

አራተኛው ዝገት ነው። ከመታጠቢያ ቤት ወይም ከሰገነት የሚሰርግ ውሃ ፌሮው ዘንድ ሲደርስ ብረቱ ይዝጋል። ዝገቱ ከዋናው ብረት ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። በጣሪያው ላይ ቡናማ መስመርና የሚረግፍ ልስን መታየቱ የዚህ ምልክት ነው።

ችግሩ ከመሬት ሲነሣ

አንዳንድ ጊዜ ወለሉ ራሱ ጤነኛ ሆኖ የሚሰምጠው መሠረቱ ነው። መረሬ የሚባለው ጥቁር የሸክላ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰበሰባል። እንደ ቦሌና አቃቂ ባሉ የአዲስ አበባ አካባቢዎች ይህ አፈር በስፋት ስለሚገኝ፣ ጥልቀት የሌለው መሠረት ያላቸው ቤቶች በየዓመቱ ይንቀሳቀሳሉ። በዚህ ጊዜ የሚታየው የወለሉ መሃል መርገብ ሳይሆን ወለሉ በሙሉ ወደ አንድ ጥግ ማዘንበል ነው፤ ከመስኮትና ከበር ማእዘን በሰያፍ የሚነሡ የግድግዳ ስንጥቆችም አብረው ይታያሉ። ይህን መለየት አስፈላጊ የሚሆነው መሠረቱ እየሰመጠ ባለበት ቤት ወለሉን ብቻ መጠገን ገንዘብን በከንቱ ማፍሰስ ስለሆነ ነው።

በብዛት የሚፈጸመው ስሕተት

የረገበን ወለል ለማስተካከል በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ ጎድጓዳውን ቦታ በሲሚንቶ ሞልቶ አዲስ ሊሾ ወይም ሴራሚክ መሥራት ነው። ውጤቱ ለዓይን ያማረ፣ ለእግር የተስተካከለ ይሆናል። አንድ 4 በ4 ሜትር የሆነ ክፍል በአማካይ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የሲሚንቶ ሙሌት ቢደረግበት ከ16 ኩንታል ያላነሰ ክብደት ይጫንበታል። የተሸካሚው ድክመት ግን ባለበት ነው። ይልቁንም ሙሌቱ የሚወፍረው ወለሉ ይበልጥ በረገበበት በመሃል ክፍል ስለሆነ፣ ከፍተኛው ክብደት የሚያርፈው አቅም በጎደለበት ቦታ ላይ ነው። ወለሉ እንደገና ሲረግብ ሌላ ሙሌት ይጨመራል፤ እንዲህ እየተባለ ሁለትና ሦስት ንብርብር ሊሾ ሊከማች ይችላል። በእንጨት ወለል ላይ ደግሞ ሲሚንቶው እርጥበትን አፍኖ ስለሚይዝ የጣውላውንና የአግዳሚውን ብስባሴ ያፋጥናል።

ሌላው ስሕተት ከሥር የሚታየውን ምልክት መሸፈን ነው። የረገበ ጣሪያ በአዲስ ኮርኒስ ሲሸፈን የምድር ቤቱ ነዋሪ አደጋው የሚያድግበትን ሂደት የማየት ዕድሉን ያጣል።

ጥገናው የሚጀምረው ከምርመራ ነው

ከማንኛውም ሥራ በፊት ወለሉ ከላይም ከታችም መታየት አለበት። በእንጨት ወለል ላይ ከግድግዳው አጠገብ ጥቂት ጣውላዎች ተነሥተው ወይም ኮርኒሱ በከፊል ተከፍቶ የአግዳሚዎቹ ጫፎች ይመረመራሉ። ወስፌ ወይም ጠመንጃ መፍቻ ያለ ብዙ ኃይል ጠልቆ ከገባ፣ ወይም በመዶሻ ሲመታ የባዶ ዕቃ ድምፅ ከሰጠ እንጨቱ ከውስጥ ተጎድቷል። በግድግዳው ላይ የሚታይ የምስጥ ዋሻ ከየት እንደሚነሣ እስከ መሬት ድረስ ሊከተሉት ይገባል።

በአርማታ ወለል ላይ የስንጥቆቹ ቦታና አቅጣጫ ይመዘገባል። በመሃል ከታች በኩል፣ በበረንዳ ደግሞ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆነው ከላይ በኩል የሚታዩ ስንጥቆች ተሸካሚው መወጠሩን ያመለክታሉ። በስንጥቁ ላይ ስስ ጀሶ ተለጥፎ ቀኑ ይጻፍበታል፤ ጀሶው ከተሰነጠቀ እንቅስቃሴው አልቆመም ማለት ነው። የፌሮውን መጠንና ቦታ ማረጋገጥ ግን የመሐንዲስ ሥራ ነው።

የእንጨት ወለል የጥገና ቅደም ተከተል

1. ጭነት ማንሣትና መደገፍ። ከሁሉ አስቀድሞ በፎቁ ላይ ያለው ከባድ ዕቃ ይወጣል፤ ነዋሪዎችም ከላይኛውም ከታችኛውም ክፍል ይነሣሉ። ከሥር የሚቆመው ድጋፍ ከላይ ከአግዳሚዎቹ ጋር በመስቀልኛ የተጋደመ ወፍራም እንጨት ሊይዝ፣ ከታች ደግሞ ጭነቱን በሚያሰራጭ ወፍራም ጣውላ ላይ ሊያርፍ ይገባል። ባዶ አፈር ወይም ቀጭን ሊሾ ላይ በቀጥታ የቆመ ፑንቴሎ ጭነቱ ሲያርፍበት ይሰምጣል።

2. የችግሩን ምንጭ ማስወገድ። አሸንዳው፣ ቆርቆሮው ወይም ቧንቧው ሳይጠገን፣ የምስጡም መነሻ በመድኃኒት ሳይታከም አዲስ እንጨት ማስገባት ለምስጡ አዲስ ምግብ ማቅረብ ነው። በልማድ የሚቀባው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ወደ እንጨቱ ውስጥ ጠልቆ ስለማይገባና በቀላሉ ስለሚቀጣጠል፣ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀን መከላከያ አይተካም።

3. ቀስ ብሎ ማንሣት። ለዓመታት የጎበጠ እንጨት በአንድ ቀን ቀና እንዲል ሊገደድ አይገባም። በክሪክ የሚነሣ ከሆነ በአንድ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ እያደረጉ፣ በየመካከሉም ቀናት እየሰጡ መሥራት ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ የግድግዳው ልስን፣ የበርና የመስኮት መቃን በየዕለቱ ይታያሉ። ወለሉ ሙሉ በሙሉ ባይስተካከልም የሚያሰጋ አይደለም፤ ዓላማው ጥንካሬውን መመለስ እንጂ እንደ አዲስ ማስመሰል አይደለም።

4. ማጠናከር። አግዳሚው ደኅና ሆኖ አቅሙ ብቻ ካነሰ ተመሳሳይ ቁመት ያለው አዲስ እንጨት ከጎኑ ተጣምሮ በቡሎን ይታሰራል፤ አዲሱ እንጨት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ደርሶ ማረፍ አለበት። የበሰበሰው ጫፉ ብቻ ከሆነ የተበላው ክፍል ጤነኛው እንጨት እስኪገኝ ድረስ ተቆርጦ በበቂ ርዝመት በተደራረበ አዲስ እንጨት ወይም በብረት ይቀጠላል። ሁሉም አግዳሚዎች ለርቀቱ ቀጭን ከሆኑ ደግሞ ከመሃል በመስቀልኛ የሚያልፍ ተጨማሪ ተሸካሚ፣ ከእንጨት ወይም በተለምዶ “አይ ቢም” ከሚባለው ብረት፣ ይገባል። ይህ ርቀቱን በግማሽ ስለሚቀንስ ውጤቱ ከፍተኛ ነው፤ ነገር ግን ተሸካሚው የሚያርፍባቸው ምሰሶዎች የራሳቸው መሠረት ሊኖራቸው ይገባል።

5. የማረፊያውን ቦታ ማስተካከል። የአግዳሚው ጫፍ በግድግዳው ላይ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ማረፍ አለበት። ከሥሩ እርጥበት የሚከለክል ንጣፍ ይደረጋል፤ በዙሪያውም አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተዋል እንጂ በሲሚንቶ አይታፈንም።

6. ወለሉን ማስተካከል። የቀረው ጎድጓዳነት በአግዳሚዎቹ ላይ በሚደረቡ ስስ የእንጨት ሽብልቆች ተስተካክሎ ጣውላው እንደገና ይነጠፋል። በዚህ መንገድ የተስተካከለ ወለል በሲሚንቶ ከተሞላው ጋር ሲነጻጸር የሚጨምረው ክብደት እጅግ አነስተኛ ነው።

የአርማታ ወለል ጥገና

በአርማታ ወለል ላይ ሊፈጸም የማይገባው ነገር ለእንጨት የሚሠራውን ዘዴ መገልበጥ ነው። ሶሌታን ከመሃል በክሪክ ወደ ላይ መግፋት ወለሉ ፌሮ በሌለበት በላይኛው ፊቱ እንዲሰነጠቅ ያደርገዋል። ጊዜያዊ ድጋፍ ሲቆም ወለሉን ነክቶ እንዲይዝ እንጂ እንዲገፋ አይደረግም፤ ሕንፃው ከአንድ ፎቅ በላይ ከሆነም ድጋፉ በየፎቁ በአንድ መስመር እስከ መሬት መውረድ አለበት። አለዚያ የአንዱ ፎቅ ጭነት ወደ ሌላው ፎቅ ወለል ተዛወረ እንጂ አልቀለለም።

በመሐንዲስ ተመርምሮ መርገቡ መቆሙና ወለሉ አቅም ያለው መሆኑ ከተረጋገጠ ጭነቱን መቀነስ በቂ ሊሆን ይችላል። የተደራረበው ሊሾ ይነሣል፤ የብሎኬት መከፋፈያው በቀላል ቁስ በተሠራ ይተካል፤ ታንከሩ ወደ ምሰሶ አቅራቢያ ወይም ወደ መሬት ይወርዳል። አቅሙ ያነሰ ወለል ደግሞ ከሥሩ የብረት ወይም የአርማታ ቢም በመጨመር ይጠናከራል። ዝገት ያለበት ቦታ የላላው ኮንክሪት እስከ ጤነኛው ድረስ ተነሥቶ፣ ፌሮው ከዝገት ጸድቶና ውፍረቱ ከቀነሰ ተጨማሪ ፌሮ ታክሎለት በመጠገኛ ኮንክሪት ይሸፈናል፤ የውሃው መንገድ ግን አስቀድሞ መዘጋት አለበት። የላይኛው ፌሮው የሰመጠ በረንዳ በአብዛኛው አስተማማኝ የሚሆነው ፈርሶ በትክክል ሲሠራ ወይም ቋሚ ምሰሶ በተሰላ ዲዛይን ሲገባለት ነው።

ቤቱን ወዲያውኑ ለቆ መውጣት የሚያስፈልገው መቼ ነው?

የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ ልኬት መውሰድም ሆነ ዕቃ ማውጣት ሳያስፈልግ ሰው ከክፍሉ፣ በተለይም ከሥር ካለው ክፍል፣ መውጣት ይኖርበታል።

• ወለሉ ወይም ጣሪያው ያለ ምክንያት የመሰንጠቅ ድምፅ ሲያሰማ፤
• መርገቡ በቀናት ውስጥ ለዓይን በሚታይ መጠን ሲጨምር፤
• ከጣሪያው ልስን ወይም የኮንክሪት ፍርፋሪ ሲወድቅ፤
• የአግዳሚ ጫፍ ከግድግዳው እየወጣ ክፍተት ሲታይ፤
• በረንዳ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ሲሰነጠቅ፤
• ትናንት ይከፈት የነበረ በር ወይም መስኮት በድንገት አልንቀሳቀስ ሲል።

ፈቃድና ኃላፊነት

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 “ግንባታ” የሚለው ቃል አዲስ ሕንፃ መሥራትን ብቻ ሳይሆን ነባር ሕንፃን ማሻሻልንና አገልግሎቱን መለወጥንም እንዲያካትት አድርጎ ተርጉሟል። በመሆኑም መኖሪያ የነበረ ምድር ቤትን ወደ ሱቅ መለወጥ፣ ተሸካሚ ግድግዳ ወይም ምሰሶ ማንሣትና የወለል ተሸካሚን መተካት “የውስጥ እድሳት” ተብለው ያለ ፈቃድ የሚከናወኑ ሥራዎች አይደሉም። ባለጉዳዩ ከሥራው በፊት ለአካባቢው የሕንፃ ሹም ማመልከት ይጠበቅበታል።

በመንግሥት ወይም በቀበሌ ቤት የሚኖር ተከራይ ወለሉ መርገቡን ሲያይ ቤቱን ለሚያስተዳድረው አካል በጽሑፍ ማሳወቅ፣ የልኬቱን ቀንና መጠንም አብሮ ማያያዝ ይጠቅመዋል። የጋራ ሕንፃ ነዋሪ ደግሞ የእሱ ወለል የሌላው ጣሪያ መሆኑን ማስታወስ ይኖርበታል፤ ሶሌታን መብሳት ወይም ቢም መቦርቦር በአንድ ቤት ባለቤት ፈቃድ ብቻ የሚወሰን ጉዳይ አይደለም። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ጥገናው ቅርሱን ለመጠበቅ ኃላፊነት የተሰጠውን አካል ፈቃድ ይጠይቃል። ከላይ የተገለጸው የእንጨት ጥገና ለእነዚህ ቤቶች በተለይ ተስማሚ ነው፤ ምክንያቱም የተበላውን ክፍል ብቻ ለውጦ የቀረውን ነባር አሠራር ያቆያል።

ማጠቃለያ

ወለል በድንገት አይረግብም። ከመርገቡ በፊት ያልተጠገነ አሸንዳ፣ ያለ ጥናት የፈረሰ ግድግዳ፣ ከጊዜው በፊት የተነሣ ፑንቴሎ ወይም ቦታው ያልታሰበበት ታንከር አለ። በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት ጣሪያን፣ አሸንዳንና ቧንቧን መፈተሽ፣ የአግዳሚ ጫፎችን መመልከትና የወለሉን ልኬት መመዝገብ ከጥገናው ወጪ ጋር የማይነጻጸር አነስተኛ ድካም ነው።

ስለሆነም የቤት ባለቤቶችና ተከራዮች የረገበ ወለል ሲያጋጥማቸው በላዩ ላይ ሲሚንቶ ከመሙላታቸው በፊት ጭነቱን እንዲያቀሉ፣ መንስኤውን እንዲያጣሩና የባለሙያ ምክር እንዲጠይቁ፤ የጥገና ባለሙያዎችም ተሸካሚው ሳይታይ ወለል እንዲያስተካክሉ ሲጠየቁ የሚያስከትለውን አደጋ ለአሠሪያቸው በግልጽ እንዲያስረዱ ይመከራል። ከላይ ያለው ቤተሰብ የሚረግጠው ወለል ከሥር ላለው ቤተሰብ ከራሱ በላይ ያለ ጣሪያ ነውና፣ ጥንቃቄው የሁለቱም ወገን ኃላፊነት ነው።